ከውሻዬ ጋር ለመውጣት ድፍረት አጣሁ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፒያሳ ይኖሩ የነበሩት አክስቴ በ2016 ዓ.ም. ሰፈራቸው ሲፈርስ ውሻቸውን ወደ አዲሱ ቤታቸው ይዘው መሄድ ስላልቻሉ ቦቢን እኔ ተረከብኩት። ቦቢ ዕድሜውን ሁሉ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ የኖረ የሐበሻ ውሻ ነው። ቤት ውስጥ ከእግሬ ሥር የማይጠፋ፣ ልጆቼ ቢጎትቱት እንኳ የማይቆጣ ገር እንስሳ ነው። ውጭ ስንወጣ ግን ሌላ ውሻ ወይም ጃንጥላ የያዘ ሰው ሲያይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በራችን ላይ የሚቀመጠውን ሊስትሮ ሲያይ፣ ገመዱን እየጎተተ ይዘላል፤ ይጮኻል። እስካሁን ማንንም አልነከሰም። ጎረቤቶቼ «ግረፊው፤ አለቃው አንቺ መሆንሽን አሳዪው» ይሉኛል። መንገደኛው ደግሞ «ውሻሽን ያዢ!» እያለ ይቆጣኛል። አሁን አሁን ገና ገመዱን ከግድግዳው ሳወርድ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ከብሎኩ ጀርባ ካለችው ሣር አልፌ መሄዱንም ትቻለሁ። ማሠልጠን ያለብኝ ውሻውን ነው ወይስ ራሴን?
እ.መ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ሁለታችሁንም ነው፤ ሆኖም ከእርስዎ ብንጀምር ይሻላል። ብዙ የውሻ ባለቤቶች «ውሻዬ ሲረጋጋ ያን ጊዜ እኔም እደፍራለሁ» ብለው ይጠብቃሉ፤ እየጠበቁም ዓመት ያልፋል። በተግባር የሚታየው ግን ባለቤቱ በሚቀጥሉት አምስት ሴኮንዶች ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ሲያውቅ፣ ውሻው ገና ሳይለወጥም እንኳ፣ የእጁ መንቀጥቀጥ እየቀነሰ መሄዱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር ውሻውን ስለ ማረም ሳይሆን፣ እርስዎ መንገድ ላይ ባዶ እጅዎን እንዳይቆሙ ስለሚያደርጉ ጥቂት ልማዶች ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሊስትሮው። በአገራችን ሰው ውሻን ሊያባርር ሲፈልግ ወደ መሬት ጎንበስ ይላል፤ ድንጋይ ባያነሳም እንኳ ጎንበስ ማለቱ ብቻ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። በግቢ በር አጠገብ ታስሮ ያደገ፣ ሸሽቶ ማምለጥ የማይችል ውሻ ደግሞ ይህን እንቅስቃሴ ከማናችንም በተሻለ ያውቀዋል። ሊስትሮው ጫማ ለመጥረግ ሲያጎነብስ፣ ብሩሹን ሲያነሳ፣ ሳጥኑን ኳ ሲያደርግ ቦቢ የሚያየው ድንጋይ ሊወረውር የተዘጋጀ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ጃንጥላም እንዲሁ በውሻ ዓይን ከዱላ ብዙ አይለይም። ይህን የምለው ለቦቢ ጥብቅና ለመቆም አይደለም፤ የሚጮኸው ከንቀት ወይም ከእልኸኝነት ሳይሆን ከፍርሃት መሆኑን ማወቅ ቀጥሎ የሚወስዱትን እርምጃ ሁሉ ስለሚለውጠው ነው። ቡችላ አዲስ ነገርን በቀላሉ የሚለምድበት ጊዜ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ነው፤ ቦቢ ያንን ጊዜ ያሳለፈው ከመንገዱ ዓለም ተለይቶ እንደሆነ ከደብዳቤዎ መገመት ይቻላል። ጊዜው ስላለፈ አይለወጥም ማለት ግን አይደለም፤ አዝጋሚ ይሆናል እንጂ።

በዚህ ምክንያት የጎረቤቶችዎን ምክር አልቀበለውም። «አለቃ ሁኚበት» የሚለው አስተሳሰብ ትልቅ ድጋፍ ያገኘው ሩዶልፍ ሼንክል የተባለው ተመራማሪ በ1947 እ.ኤ.አ. ተዘግተው ስለሚኖሩ ተኩላዎች ካሳተመው ጥናት ነበር። ዴቪድ ሜች የተባለው የተኩላ ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ግን በዱር የሚኖር የተኩላ መንጋ በአብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ እንጂ ለሥልጣን የሚፋለም ጭፍራ አይደለም። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአቋም መግለጫ፣ ተናካሽ ለሆኑ ውሾች ጭምር በሽልማት ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ብቻ እንዲሰጥ መክሯል። ሊስትሮውን ባየ ቁጥር የሚገረፍ ውሻ የሚማረው ሊስትሮው በሚኖርበት ቦታ ሕመም መኖሩን ነው። ማጉረምረሙን የሚቀጡት ከሆነ ደግሞ ማጉረምረሙን ይተውና ሳያስጠነቅቅ ወደ መንከስ ሊሸጋገር ይችላል። «የሚጮህ ውሻ አይነክስም» የሚለውን ተረት ለሌላ ጉዳይ ያቆዩት፤ ፈርቶ የሚጮኽና መሸሻ ያጣ ውሻ ይነክሳል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዋናው መሣሪያዎ ርቀት ነው። ቦቢ ሊስትሮውን አይቶ ግን ሳይጮኽ የሚቆምበት አንድ ርቀት አለ፤ ምናልባት ከመንገዱ ማዶ፣ ምናልባትም ከብሎኩ ጥግ ሊሆን ይችላል። ያንን ርቀት የሚነግርዎ ራሱ ቦቢ ነው። ከመጮኹ በፊት ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል፤ ራሱን ወደ ጎን አዙሮ የዓይኑን ነጭ ያሳያል፤ ቀጥሎ አፉን ይዘጋና ሰውነቱ ይደርቃል። ሰውነቱ ከደረቀ በኋላ የሚሠራ ትምህርት የለም፤ በዚያን ጊዜ ሥጋ አፉ ላይ ቢያስጠጉለት እንኳ አያየውም። የሚበላ ከሆነ ርቀቱ ትክክል ነው፤ መብላት ካቆመ ወይም ጣትዎን ጭምር እየነጨ ከበላ በጣም ቀርበዋልና ወደኋላ ይመለሱ።

በዚያ ርቀት ላይ የሚሠሩት ሥራ ቀላል ቢመስልም ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ከንቱ ይሆናል። በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ውሾች ምግብ መምጣቱን የሚያበስር ምልክት ሲያገኙ ምራቃቸው እንደሚፈስ አሳይቷል፤ ምልክቱ ምግቡን መቅደም ነበረበት። እዚህም እንደዚያው ነው። ቦቢ በመጀመሪያ ሊስትሮውን ያያል፤ ካየው በኋላ እጅዎ ወደ ኪስዎ ይገባል፤ ሥጋው ይመጣል። ሊስትሮው እስከታየ ድረስ ሥጋው ይቀጥላል፤ ጥጉን ዞረው ሊስትሮው ከዓይን ሲሰወር ሥጋውም ይቆማል። ብዙ ሰዎች ይህን ገልብጠው፣ አስፈሪው ነገር ሲመጣ ከሩቅ ስለሚያዩት፣ አስቀድመው ሥጋውን ያወጡና ውሻውን ሊያዘናጉት ይሞክራሉ። ውሻውም ሥጋ በወጣ ቁጥር የሚፈራው ነገር እየመጣ መሆኑን ይማርና ሥጋውን ራሱን ይጠረጥራል። በትክክል ከተሠራ ከጊዜ በኋላ የሚያዩት ነገር የማይሳሳት ነው፦ ቦቢ ሊስትሮውን አይቶ፣ ሳይጮኽ፣ አንገቱን ወደ እርስዎ ይመልሳል። ርቀቱን ጥቂት መቀነስ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።

ሥጋው ሽምብራ የምታክል ቁራጭ ሆኖ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ይሁን፤ ጉበትም ጥሩ ነው። ከወጥ የወጣ ሥጋ አይስጡት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው። ይህ ሥጋ ቤት ውስጥ አይሰጥም፤ የመንገድ ብቻ ነው።

ርቀት የማይገኝበት ቦታ ግን አለ፤ እሱም የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ነው። በደረጃው መታጠፊያ ላይ ጎረቤት ድንገት ሲገጥምዎ ሊስትሮውን ያለማመዱበት ዘዴ አይሠራም። እዚህ የሚያስፈልግዎ አንድ ቃል ነው፤ «ዙር» ይበሉት። ቃሉን ማንም በሌለበት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ለጥቂት ደቂቃ በየቀኑ ያለማምዱት፦ «ዙር» ሲሉ ዞረው ይሄዳሉ፤ ተከትሎዎት ሲዞር ሥጋ ያገኛል። ከዚያ በኮሪደሩ ላይ፣ ቀጥሎም ባዶ ደረጃ ላይ ይሞክሩት። ቃሉ ለሁለታችሁም ልማድ ሲሆን፣ ከታች የሰው ኮቴ እንደሰሙ «ዙር» ብለው ወደ ፎቅዎ ይመለሳሉ፤ ሰውየው ያልፋል፤ እንደገና ይወርዳሉ። መመለስ ሽንፈት አይደለም፤ ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቁ ሰው መሆንዎን የሚያሳይ ነው። ገመዱ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ይኑረው፤ በእጅዎ አይጠምጥሙት፤ ድንገት ቢጎትት ጣት ይሰብራል። ከአንገት ማሰሪያ ይልቅ በደረት ላይ የሚታሰረው ይመረጣል። የተወጠረ ገመድ ለውሻው የሚያስተላልፈው መልእክት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አደጋ በሌለበት ጊዜ ገመዱ ላላ ብሎ ይንጠልጠል።

ስለ ሰዎች ደግሞ ይህን ልበል። በከተማችን የውሻ ባለቤት ሁሉ አፍ ላይ ያለ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «አይዞህ፣ አይነክስም።» እባክዎ ይህን አይበሉ፤ እርግጠኛ መሆን አይችሉም፤ የሚፈራውንም ሰው አያጽናናውም። በምትኩ «ውሻው ሰው ይፈራል፤ እባክዎ ይለፉ፣ እኛ እንቆማለን» ይበሉ። ይህን ቤት ውስጥ ጮኽ ብለው ይለማመዱት፤ ምክሩ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሰው ሲቆጣን የምንደነግጠው የምንመልሰው ስለሌለን ነው። ለሊስትሮውም አንድ ቀን ያለ ቦቢ ወርደው ጫማዎን እያስጠረጉ ጉዳዩን ያስረዱት፤ ቦቢ ሲመጣ ቀና ብሎ እንዲቀመጥና ትኩር ብሎ እንዳያየው ይለምኑት። እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ረዳት ይሆናል።

የአፍ መሸፈኛም እመክራለሁ፤ ግን አፍን የሚያስር የጨርቅ ዓይነቱን ሳይሆን ውሻው ምላሱን አውጥቶ እንዲያለከልክ፣ ውኃ እንዲጠጣና ሥጋ እንዲቀበል የሚያስችለውን የቅርጫት ዓይነት። ቤት ውስጥ ከመሸፈኛው ውስጥ እንዲበላ እያደረጉ በሳምንታት ያለማምዱት፤ በግድ አያጥልቁለት። መሸፈኛውን ያየ መንገደኛ በራሱ ጊዜ ራቅ ብሎ ያልፋል፤ እርስዎም «ቢነክስስ?» ከሚለው ሐሳብ ያርፋሉ፤ ለእጅዎ መንቀጥቀጥ ከዚህ የበለጠ መድኃኒት አላውቅም።

የቀን መቁጠሪያውንም ያማክሩ። እርስዎ በሚኖሩበት ሰፈር ወር በገባ በ7 የሥላሴ፣ በ21 የማርያም ዕለት ገና ጎሕ ሳይቀድ መንገዱ በነጠላ፣ በመቋሚያና በጃንጥላ ይሞላል፤ በእነዚህ ቀናት ቦቢን ከብሎኩ ጀርባ ካለው ሣር አያሳልፉት። በሌሎቹ ቀናት ማለዳ አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለሥልጠና የተመቸ ነው፤ ከሩቅ ማየትም፣ ዞሮ መመለስም ይቻላልና። ቡሄ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየደቁ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ደረጃውን ሲወጡ፣ ለቦቢ ዓይነት ውሻ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ከነሐሴ 12 ከሰዓት በኋላ ጀምሮ የውስጠኛው ክፍል ውስጥ ያስገቡት፤ ሬዲዮ ይክፈቱለት፤ የሚላስ አጥንት ይስጡት፤ ልጆቹን ደግሞ ሳንቲሙን ይዘው ከታች በር ላይ ይቀበሏቸው። የደመራና የጥምቀት ሰሞንም በዚሁ ይታለፋል። ክፉ ቀን ከገጠማችሁ በማግሥቱ አይውጡ፤ ሰውነቱ እስኪረጋጋ ጊዜ ይወስዳል። አንድ እፍኝ ምግብ በፎጣ ጠቅልለው በአፍንጫው እንዲፈልግ ቢያደርጉት ከአጭር የእግር ጉዞ የበለጠ ይደክማል።

በመጨረሻም የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። የጥርስ፣ የጆሮ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ውሻ ቶሎ ይቆጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም በየዓመቱ ይታደስ፤ የምስክር ወረቀቱን ከገመዱ ጋር ያኑሩት። ድንገት ሰው ቢነከስ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ተነካሹ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሂድ፤ ውሻው ደግሞ ለ10 ቀን ተለይቶ ይጠበቅ። የበሽታው ምልክት ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ያህል ስለሆነ፣ ውሻው የተከተበ ቢሆንም ይህ አይዘለልም።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ፣ ግቢ ውስጥ ነው የምኖረው። ውሻዬ በበር ያለፈውን ሁሉ ይጮኽበታል። «ብቸኝነት ነው፤ ሁለተኛ ውሻ አምጣለት» ብለውኛል። ይረዳዋል?
ተ.፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ አሁን አያምጡ። መንገደኛው የሚያልፈው መንገዱ ስለሆነ ነው፤ ውሻዎ ግን የሚያስበው እርሱ ስለጮኸ ሄደ ብሎ ነው፤ ስለዚህ በቀን ብዙ ጊዜ «ተሳካልኝ» እያለ ይማራል። አዲሱ ውሻም ይህንኑ ከእሱ ይማራል፤ አንድ ጩኸት ሁለት ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ከቆርቆሮው በር ሥር ያለውን ክፍተት በጣውላ ይድፈኑት፤ ቤቱን ከበሩ አርቀው ወደ ጓሮ ያዙሩለት፤ በሰንሰለት የታሰረ ከሆነም ይፍቱት። በር ሲንኳኳ ዘበኛዎ በቅድሚያ ውሻውን ወደ ጓሮ ጠርቶ አንዲት ቁራጭ ሥጋ እየሰጠ ይዝጋበት፤ በሩን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ይሁን።