ወደ ስካራ የተመለሰው ሐኪም

ልጆቼ፣ ዘንድሮ የእንስሳት ሕክምና የደረሳችሁ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ። የብዙዎቻችሁ አንደኛ ምርጫ የሰው ሕክምና እንደነበር አውቃለሁ። የእኔም እንደዚያው ነበር። ሰፈር ውስጥ "ምን ደረሰህ?" ሲሉኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የምመልሰው።

ፔተር ሄርንክቪስት ስለሚባል ስዊድናዊ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። የተወለደው በ1726 ስካራ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ከካርል ሊኒየስ ተማረ። ሊኒየስ ማለት ዛሬም የምንሸመድደውን ባለ ሁለት ቃል የእንስሳትና የዕፅዋት የላቲን ስም ያስለመደን ሰውዬ ነው። የእሱ ተማሪ መሆን ያኔ ትልቅ ክብር ነበር።

በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የከብት ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። እኛ ደስታ የምንለው በሽታ ነው። ፈረንሳዮች በዚሁ ሰበብ በ1761 ሊዮን ላይ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ስዊድን በ1763 ሦስት ሰዎች ላከች፤ አንዱ ሄርንክቪስት ነው። ዕድሜው አርባ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚያ ዕድሜ፣ ያን ሁሉ ተምሮ፣ እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ። ይቺን ልብ በሉልኝ።

ከዚያስ? ዋና ከተማ አልገባም። ንጉሥ ጉስታቭ ሣልሳዊ በ1775 ሲፈቅዱለት ትምህርት ቤቱን የከፈተው እዚያው ስካራ፣ ብሮጎርደን በሚባል እርሻ ላይ ነው። ከብቱም ገበሬውም ያለው እዚያ ነዋ! ስቶክሆልም የራሷን ያገኘችው በ1821 ነው፤ ሄርንክቪስት ካረፈ ከ13 ዓመት በኋላ። የመራውም ስካራ የተማረው ኖርሊንግ ነው።

ደስታ እኛም ጋ መጥቷል። በ1888 ገብቶ የአገሩን ከብት ጨረሰ። አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ያ ዘመን ነው። በሬ ሲያልቅ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፍረዋል።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለክትባት አፋር ወርጄ ነበር። አብሮን የሚሠራ አንድ እረኛ ነበር፤ ማንበብ አይችልም። ከመንጋው መሀል አንዷን ላም መርጦ ያዘና ከንፈሯን ገለበጠልኝ። ድዷ ላይ ፉርሽካ የተነሰነሰ ይመስላል። ጠጋ ስል ሸተተኝ። መጽሐፉ ላይ ስንቴ ያነበብኩት የደስታ በሽታ ምልክት ነው፤ ግን አስር ላሞች ሳይ ሳላስተውለው አልፌ ነበር። እሱ በሩቅ፣ ከእንባዋና ከአቋቋሟ ለየው። በ2011 በሽታው ከምድር ላይ መጥፋቱ ሲታወጅ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። የሚያኮራ ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ይመስለኛል።

ስለዚህ ወረዳ ስትመደቡ ዝውውር ለመጠየቅ አትቸኩሉ። ቦቲ ጫማ ግዙ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን በጠዋት ከብት ተራ ውረዱ። ሽማግሌዎቹ በሬ ሲገዙ ዓይኑን፣ ጥርሱን፣ ሰኮናውን እንዴት እንደሚያዩ ቆማችሁ ተመልከቱ። "አባቴ፣ ይሄኛውን ለምን ተዉት?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁንም በራሳቸው ቃል ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።