ባሕር ውስጥ የሟሟ ብረት ይዝጋል?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች በማዘጋጀው አጋዥ መጽሐፍ ስለ ጥንታዊቷ ምድር «ሳይኖባክቴሪያዎች ኦክስጅን ማምረት ሲጀምሩ በባሕር ውስጥ ቀልጦ የነበረው ብረት ዛገ» ብዬ ጽፌ ነበር (ሳይኖባክቴሪያዎች በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን የሚያመርቱ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው)። አርታዒዬ «ዛገ የቆርቆሮና የማረሻ ቃል ነው» ብሎ «የኦክሲዴሽን ሂደት ተካሄደበት» (ከኦክስጅን ጋር ተዋሃደ ለማለት) አደረገው። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ የእርስዎ ይሻላል፤ ግን እሱም እንዳለ አያስኬድም። «ተካሄደ» ለስብሰባና ለምርጫ ይቆየን።

ዋናው ስሕተት አርታዒው ሳያየው ያለፈው «ቀልጦ» ነው። መቅለጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ቅቤ፣ ሰም፣ እርሳስ ይቀልጣል። ጨውና ስኳር ግን ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። በወሬ መሐል ሁለቱ ቢምታቱ ማንም አይጎዳም። እዚህ ግን ይጎዳል፤ ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት የምድር ገጽ በእርግጥም የቀለጠ አለት ነበርና። ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ስለነበረው ባሕር «ብረት ቀልጦ» ከተባለ ተማሪው የሚታየው የእሳት ባሕር ነው።

ወደ «ዛገ» ስንመጣ፣ ግሡ አስቀድሞ የሚጨበጥ ብረት ይፈልጋል፤ ሚስማር ይዝጋል፣ ማረሻ ይዝጋል። ከባሕር ወለል ፍል ውሃዎች እየወጣ የተሟሟው ብረት ግን ለዓይን አይታይም። ኦክስጅን ሲያገኘው ነው ውሃ የማያሟሟው ብናኝ የሚሆነው። ስለዚህ ግሡን ትተው ስሙን ይያዙ፤ «ዝገት ሆኖ ዘቀጠ» ይበሉ። («ሰጠመ» አይሆንም፤ መርከብ ይሰጥማል፣ ብናኝ ይዘቅጣል።) የሟሟ ብረት እንዴት መልኩን እንደሚለውጥ ምሳሌ ካስፈለገዎ ዳሎል አለልዎ፤ የኩሬዎቹ አረንጓዴ ውሃ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ሲሄድ ወደ ቢጫና ቡናማ ይዞራል።

«ዝገት» የሚያገለግለው ግን ለዘቀጠው ብናኝ ብቻ ነው። ከእንዲህ ያለ ዝቃጭ የተፈጠረው፣ በምዕራብ አውስትራሊያ ሃመርስሊ የሚታየው ቀይና ጥቁር ግራጫ ንብርብር አለት ዛሬ በአብዛኛው ሄማታይትና ማግኔታይት (ሁለቱም የብረትና የኦክስጅን ማዕድናት) እንዲሁም ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) ነው፤ «የዝገት ድንጋይ» ቢሉት ያሳስታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «ሲጀምሩ … ዛገ» የሚለው አባባል ነገሩን ያንድ ሰሞን ክስተት ያስመስለዋል። ብረቱ የሚመረተውን ኦክስጅን ለረጅም ዘመን ሲያጠፋው ስለኖረ፣ አየሩ ኦክስጅን መያዝ የጀመረው የዛሬ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በግሪንላንድ ኢሱዋ ያለው ተመሳሳይ ንብርብር አለት ደግሞ ከዚህ እጅግ ቀድሞ የተፈጠረ፣ 3.7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ስለሆነ፣ የብረቱን ዝቃጭ ሁሉ በሳይኖባክቴሪያ ማሳበብ አይቻልም። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ሳይኖባክቴሪያዎች ኦክስጅን እያመረቱ በሄዱ ቁጥር፣ በባሕር ውሃ ሟሙቶ ከነበረው ብረት ብዙው ከኦክስጅኑ ጋር እየተዋሃደ ዝገት ሆኖ ሲዘቅጥ ኖረ።»