ኅዳርን ከሀ እስከ ፐ፦ «የወር ቻሌንጅ ይጠቅማል ወይ?» ላልሽው

ሰላም እህቴ። «በየቀኑ አንድ ጽሑፍ የሚለጠፍበት የወር ቻሌንጅ ልገባ ነው። ሥራም ልጆችም አሉኝ። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ እውነት ይጠቅማል? ወሩ ሲያልቅስ ምን ቀረላችሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ «በርቺ፣ ትችያለሽ» ብለውሻል። ደግ ናቸው። እኔ ግን ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ችግርሽ ጀምሮ አለመጨረስ ከሆነ ግቢ። ስልክሽ ውስጥ ግማሽ ላይ የቆሙ ጽሑፎች ከተከማቹ፣ «ሲስተካከል እለጥፈዋለሁ» እያልሽ ዓመት ካለፈሽ፣ ይኼ ነገር ላንቺ ነው። ጽሑፌ ያምርልኛል ብለሽ ከሆነ ግን ይቅርብሽ። በየቀኑ መለጠፍ ጽሑፍ አያሳምርም። ለጊዜውማ ያበላሻል። ጽሑፍ የሚያምረው ደጋግመው ሲያርሙት ነው። ለማረም ደግሞ ጽሑፉን ሁለት ሦስት ቀን ማሳደር ያስፈልጋል፤ ቻሌንጁ ያን ቀን አይሰጥሽም። የሚያስተምርሽ ያላማረሽን ጽሑፍ «በቃ፣ ይኼው» ብለሽ መልቀቅን ነው። ለአንዳንዱ ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ነበር።

ነገሩ እንደምታውቂው ከውጭ የመጣ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 21 ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ልብ ወለድ ጽፈን እንጨርስ ተባባሉ። ናኖራይሞ የሚባለው ከዚያ ተወለደ። ግቡ 50,000 ቃል ነው፤ በቀን ሲካፈል 1,667 ይደርሳል። በዓመቱ ወደ ኖቬምበር ተዛወረና ዓለም ሁሉ ገባበት። ድርጅቱ በ2025 እ.ኤ.አ. እንደሚዘጋ አስታወቀ እንጂ ልማዱ አልሞተም። ጦማሪዎች ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ኖቬምበር ጀመሩ፤ በቀን አንድ ጽሑፍ። በ2010 እ.ኤ.አ. ሌላ መጣ፤ ከኤ እስከ ዜድ። በአፕሪል፣ እሑድ እሑድን እየዘለሉ፣ በቀን አንድ ፊደል። ከሠላሳ ቀን አራት እሑድ ሲቀነስ ሃያ ስድስት ነው፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ልክ ይገባበታል። ብልህ ሰው ነው ያሰበው።

እኛም ይኼን አይተን «በፊደላችን ብንሞክረውስ?» አልን። ሃያ የምንሆን ሰዎች ነበርን። አብዛኞቻችን አዲስ አበባ፣ ጥቂቱ ባሕር ዳርና ሐዋሳ፣ አንድ ሁለቱ አውሮፓ። ወሩን ኅዳር 2017 ዓ.ም. አደረግነው። የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ይመቻል። የፈረንጁ አንዴ 28 አንዴ 31 እያለ ሒሳብ ያበላሻል። ፊደላችን ግን 33 ነው። ሦስት መቀነስ ነበረብን። ኘ ወዲያው ወደቀች፤ በእሷ የሚጀምር ቃል ከየት ይመጣል? ኸም ተከተለቻት። ዠን ልንጥላት ስንል አንዱ «ዥዋዥዌስ?» ብሎ አዳናት። በመጨረሻ ፈንና ፐን ሠላሳኛው ቀን ላይ አጣመርናቸውና ቁጥሩ ሞላ።

አንድ ምሽት ሙሉ ያከራከሩን ሞክሼዎቹ ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሠና ሰ። አና ዐ። ጸና ፀ። «ድምፃቸው አንድ ነው፤ ምን ይጻፍባቸዋል?» ያሉ ነበሩ። ያተረፋቸው የቄስ ትምህርት ቤት ስማቸው ነው። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እያንዳንዱ ስም ርእስ ይዞ መጣ። ሐመር መርከብ ነውና፣ የሐመሩ ሐ ቀን የባሕር ዳሩ ልጅ ስለ ጣና ታንኳ ጻፈ። ከደንገል እንዴት እንደሚታሰር፣ ውኃ ሲጠግብ እንዴት እንደሚከብድ፣ ከዚያ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ እንደሚደርቅ። የፀሐዩ ፀ ቀን ደግሞ የማልረሳው ስቶክሆልም ያለችው እህታችን ጽሑፍ ነው። በዚያ ሰሞን እዚያ ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናት በጨለማ እንደምታመጣ፣ ልጇ ግን ጨለማውን ከቁም ነገር እንደማይቆጥረው ጻፈች። እኔ ለዓይኑ ዐ ስለ እናቴ መነጽር ጻፍኩ። ነፃ ርእስ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ስለ «ሕይወትና ተስፋ» ስንጽፍ እንከርም ነበር። ስለዚህ የምትገቢበት ቻሌንጅ «ስለፈለጋችሁት ጻፉ» የሚል ከሆነ፣ የራስሽን አጥር ራስሽ አጥሪ። ፊደል ይሁን፣ የሰፈርሽ መንገዶች ይሁኑ፣ የወጥ ቤትሽ ዕቃዎች ይሁኑ፣ ግዴለም።

ለእኔ ወሩ የተለወጠው ኅዳር 12 ላይ ነው። ታውቂዋለሽ፣ ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፣ ጭሱ ጉሮሮ ይዘጋል። በማግስቱ የደረሰው ፊደል ብዙኃኑ ኀ ነበር። ኅዳር ራሱ የሚጻፍበት! ሆን ብለን አልነበረም፤ ቆጠራው ነው እዚያ የጣለው። ከዚያ በፊት ጭሱን የማውቀው በማማረር ብቻ ነው። ያን ቀን ግን ለመጻፍ ስል ጎረቤታችን ያሉ እናት ዘንድ ሄድኩ። ነገሩ የ1911 ዓ.ም. ኅዳር ነው። ዓለም የስፔን ጉንፋን ያለው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ጨረሰ። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የዳኑት። ሰው ከቤቱ ቆሻሻ ጠርጎ ማጠኑ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። እኝህ እናት ከእናታቸው የሰሙትን ነገሩኝ። ቀባሪ ጠፍቶ ሰው በየደጁ እንዴት እንደቀረ፣ የአንድ ቤት ሰው አልቆ በሩ ብቻ እንደቆመ። ለአንድ ጽሑፍ በተስማማንበት ሁለት መቶ ቃል ገደማ ውስጥ አልገባልኝም። ግማሹን አውጥቼ ለጠፍኩት፤ ሌላው ደብተር ላይ ቀረ። ከቻሌንጁ በፊት ብሆን እኝህን ሴትዮ ሰላም ብዬ አልፍ ነበር።

ሰው የሚያቋርጠውም በዚያው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ደከመን ይላሉ። እኔ ግን ድካም አይመስለኝም። ሁላችንም ስንጀምር «አንድ ቀን እጽፈዋለሁ» ብለን በሆዳችን የያዝነው ነገር አለ። የልጅነት ትዝታ፣ የመጀመሪያ ሥራ፣ የተጣላነው ጓደኛ። እሱ በሳምንት ያልቃል። ከዚያ ባዶ እጅሽን ትቆሚያለሽ። እዚህ ላይ የሚያልፈው ሰው ጫማ አድርጎ የሚወጣው ነው። እኔ የጀ ቀን ምንም አልመጣልኝ ሲል ቢሮአችን ሥር ጀበና ቡና የምታፈላውን ልጅ ስለ ከሰል ዋጋ አወራኋት። ሃያ ደቂቃ ነገረችኝ። ስለ ከሰል ያን ያህል የሚወራ ያለ አልመሰለኝም ነበር። ወሩን ከወደድኩት ለዚህ ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

አሁን ወደ ሥራሽና ልጆችሽ። በመጀመሪያ ርዝመቱን ቁረጪው። እኛ የለጠፍነው ቴሌግራም ላይ ነው። ቴሌግራም በአንድ መልእክት 4096 ሆሄ ይቀበላል። ፎቶ ካያያዝሽበት ግን፣ ለፕሪሚየሙ ካልከፈልሽ፣ ከሥሩ የሚጻፈው 1024 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውም ተቆጥሮ። በአማርኛ ሁለት መቶ ቃል ገደማ ይሆናል። እኛ «ፎቶ ግዴታ ነው» የሚል ሕግ አወጣን። ያኔ ማንም ቢፈልግም ማንዛዛት አልቻለም። በየቀኑ አምስት መቶ ቃል ጻፉ የሚል ቻሌንጅ ከሆነ የምትገቢበት፣ ባለ ሥራ ሰው አይዘልቀውም፤ እኔ አልመክርሽም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ «ልጆቼ ሲተኙ እጽፋለሁ» እንዳትዪ። ልጆችሽ ሲተኙ አንቺም ትተኛለሽ። እኔ የጻፍኩት ከምሳ በኋላ ባለችው ክፍተትና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፤ በስልክ። ማታ ቤት ስገባ የቀረኝ ማንበብና መላክ ብቻ ነበር። ጽፈሽ የሚላክበትን ሰዓት ሞልተሽ ማስቀመጥም ይቻላል። መብራት የሚጠፋበት ወይም ኔትወርክ የሚያስቸግርበት ሰፈር ከሆንሽ፣ ቀን ላይ ሞልተሽ መገላገል ነው። አስቸጋሪዎቹን ፊደሎች ደግሞ ወሩ ሳይገባ ጻፊያቸው። ጰ ላይ ከጳጳስና ከጳጉሜን ሌላ ምን አለ? ሁላችንም ጳጉሜን ላይ ወደቅን። በአንድ ቀን ስለ አንድ ርእስ ያን ያህል ጽሑፍ አይቼ አላውቅም።

ያመለጠሽን ቀን አትክፈይው። ይኼን አስምሪበት። እኔ ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ዕዳ ሲንከባለል የት እንደሚያደርስ አውቃለሁ። አንድ ቀን ሲያመልጥሽ ነገ ሁለት እጽፋለሁ ትያለሽ። ነገ ልጅ ያተኩሰዋል፤ ሦስት ይሆናል። ከዚያ ታፍሪያለሽ፤ ከዚያ ከግሩፑ ድምፅሽ ይጠፋል። ከእኛ ግማሹ የጠፋው እንደዚህ ነው። የዘለቅነው ፊደል እያመለጠን ያለፍን ነን። ቀ የለኝም፣ ወም የለኝም። ማንም አልጠየቀኝም።

ሌላው የያዘን ነገር ኮሜንት ነው። እያንዳንዱ ሰው በቀን ሁለት የሌሎችን ጽሑፍ አንብቦ አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ ተስማማን። «ዋው» እና እሳት ኢሞጂ አይቆጠርም። መጀመሪያ ላይ አስጠልቶኝ ነበር፤ የቤት ሥራ መሰለኝ። በኋላ ግን ሰው እየጠበቀኝ ነው ብዬ የጻፍኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። የቪው ቁጥሩን ግን አትዪው። ቁጥሩ ስለ ጽሑፍሽ ከሚነግርሽ ይልቅ ስለለጠፍሽበት ሰዓት ይነግርሻል።

በነገራችን ላይ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ጽሑፉን በኤአይ የሚያስጽፍ አንድ ሰው ነበረን። ወዲያው ይታወቃል፤ ሰውየው በድንገት ምንም ሰፈር የሌለው ሆነ። ሠላሳውንም አሟልቶ ጨረሰ። ምን እንደቀረለት እሱ ይወቀው።

ለእኔ የቀረውን ልንገርሽ። ከለጠፍኳቸው ውስጥ አሁን ባነባቸው የማላፍርባቸው ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹን አጥፍቻቸዋለሁ። የኅዳሩን ግን ደብተሬ ላይ ከቀረው ጋር አገናኝቼ፣ ሰዎች ጨምሬ ጠይቄ፣ ወራት ፈጅቼበት ረጅም ጽሑፍ አደረግኩት። እስካሁን ከጻፍኩት የምወደው እሱን ነው። በቻሌንጁ ተጀመረ፤ የተጻፈው ግን ከቻሌንጁ በኋላ ነው። ሌላው የቀረልኝ፣ አሁን አንድ ነገር ስጀምር እንደምጨርሰው አውቃለሁ። ባዶ ገጽ አያስፈራኝም። የከፈልኩትም አለ። ያን ወር አንድ መጽሐፍ አላነበብኩም። ባለቤቴም እራት ላይ ስልኬን እንዳስቀምጥ ደጋግሞ ነግሮኛል፤ እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ወር ይበቃል የምለው። «መቶ ቀን»፣ «ዓመቱን ሙሉ» የሚሉትን አልፈልጋቸውም። ቀድሞውንም በየሳምንቱ ጥሩ ነገር የምትጽፊ ሰው ከሆንሽ ደግሞ የያዝሽውን አትልቀቂ።

ወሩን አንቺ የምትመርጪው ከሆነ መስከረምን ተይው፤ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። ሰኔም አይሆንም፤ ሒሳብ መዝጊያ ላይ ያለ ሰው ካለ ያውቀዋል። ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ናቸው። የካቲትም አይከፋም። ወሩ እንዳለቀ አንድ ሳምንት ምንም አትጻፊ። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ያዢ። እኔ ሐሙስ ነው የያዝኩት፤ አንዳንዴ ይዘለላል፣ አልከፍለውም።

የፊደሎቹን ቅደም ተከተልና ቀናቸውን የያዘውን ሰንጠረዥ ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊኝ፤ እልክልሻለሁ። የጰ ቀን የጻፍኩትን ግን እንዳትጠይቂኝ።