ለአባ ሰንጋ ክትባት ካለ ለላም ቲቢ ለምን የለም?

ጥያቄው ከልደታ ነው። «ግቢዬ ውስጥ አራት የፈረንጅ ላሞች አሉኝ። ባለሙያ መጥቶ አንገታቸው ላይ ሁለት ሁለት ቦታ ወጋ፣ በሦስተኛው ቀን ሲለካ አንዷ አብጦባት ቲቢ አለባት አለኝ። የአባ ሰንጋውን በየዓመቱ አስከትባለሁ። የቲቢውስ? ከባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራ አዲስ ክትባት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ላሟን ያድንልኛል?»

ወንድሜ፣ ቁርጡን ልንገርህ። ያችን ላም የሚያድን ክትባት የለም፤ ክትባት ቀድሞ ይከላከላል እንጂ የያዘውን አያስለቅቅም።

የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ተራብቶ መርዙን ስለሚለቅ በክትባቱ የሚፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል (ደም ውስጥ የሚዞር መከላከያ ፕሮቲን) መርዙን ይዞ ያከሽፈዋል። የቲቢው ግን ተንኮለኛ ነው። ሊበላው የመጣው ማክሮፌጅ የሚባል ሴል ውስጥ ገብቶ እዚያው ቤቱን ይሠራል፣ ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ እዚያ ድረስ አይዘልቅለትም። እዚህ ጋ ሥራው ቲ ሴል የሚባለው ሌላ የመከላከያ ሴል ነው። ቲ ሴል ሙሉውን ባክቴሪያ አያይም። ማክሮፌጁ የባክቴሪያውን ፕሮቲን ቆራርጦ ቁራጯን ገላው ላይ ሲሰቅላት ያያታል (ሌባ ቤቱ የገባበት ሰው የሌባውን ጫማ በር ላይ አውጥቶ ጎረቤት ሲጠራ አስበው)። ያኔ ማክሮፌጁን ያበረታዋል፣ የተደበቀውን እንዲገድል። ተመራማሪዎች የባክቴሪያው ሽፋን ላይ ያሉትንና ወደ ውጭ የሚለቀቁትን ፕሮቲኖች፣ እንደ አንቲጅን 85 ያሉትን፣ የሚያሳድዱት ለዚህ ነው፤ ባክቴሪያው በሕይወት እያለ ቀድመው የሚጋለጡት እነሱ ናቸው። ፕሮቲኑ ለብቻው ሲወጋ ግን ቲ ሴልን በደንብ አይቀሰቅስም፣ አብሮት የሚወጋ አጋዥ ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ የሰማኸው ክትባት ገና ገበያ ላይ የለም።

ያለው የድሮው ቢሲጂ ነው፣ ልጆቻችን ክንዳቸው ላይ የሚወጉት። እሱም ተዳክሞ የተሠራው ከከብት ቲቢ ባክቴሪያ ነው። እዚሁ አገራችን ጥጆች ላይ ተሞክሮ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት በመንጋ ውስጥ ስርጭቱን 89 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ታዲያ ለምን አይሰጥም? የላምህን አንገት ያሳበጠው ቲ ሴል ነዋ! ቢሲጂ የተከተበች ጤነኛ ላምም በዚሁ ምርመራ ልታብጥ ትችላለች፣ ከታመመችው መለየት ይቸግራል። መውጫው ቢሲጂ ውስጥ በሌለ ፕሮቲን መመርመር ነው። አንዱ ኢሳት 6 ይባላል፣ ቴሌቪዥኑን አይደለም። እስከዚያው የሰው ቢሲጂ ከየትም አምጥተህ ላሞችህን እንዳትወጋ።

አሁን ላሟን ለያት። ልደታ ግቢ ውስጥ መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ በረትና መኝታ ቤት የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ቢሆንም ከሌሎቹ ጋር ትንፋሽና ገንዳ አትጋራ። ለሌላ ወተት አርቢ ሸጠህ ደግሞ ችግሩን አታሻግር፣ ስለ እርዱ የወረዳህን የእንስሳት ሐኪም አማክር። ሦስቱን ከሁለት ወር በኋላ አስመርምር፤ ከዚያ በፊት ከሆነ ውጤቱ ያሳስታል። ወተቱን አፍልተህ ብቻ ጠጣ፣ ለእርጎ የምታረጋውንም ጭምር፣ መርጋቱ ባክቴሪያውን አይገድለውም።

ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ያሳለው ወይም አንገቱ ላይ እጢ የወጣበት ካለ ጤና ጣቢያ ውሰደው፣ የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ተቋም ነጻ ነው። ሐኪሙ ባይጠይቅህም ላም እንዳለህ ንገረው። ምክንያቱም ከከብት የሚመጣው ቲቢ ከተለመዱት የቲቢ መድኃኒቶች አንዱን፣ ፒራዚናማይድ የሚባለውን፣ በተፈጥሮው ይቋቋማል።