ሆዴን ያሉኝ እናት

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ዩኒቨርሲቲ የገባ አንድ የሰፈሬ ልጅ “ጋሼ፣ ምንታዌነት ምንድነው?” አለኝ። ቃሉ ከ“መንታ” ጋር ይዛመዳል፤ ነገሩን በሁለት ከፍሎ ማየት ነው። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ እንጂ ፈላስፋ አይደለሁም። ግን ድሬዳዋ ላይ 30 ዓመት ሰው ሳክም ጥያቄው ከፊቴ ዞር ብሎ አያውቅም።

ሁለት ዓይነት አለው፤ አታደባልቋቸው። አንደኛው የብርሃንና የጨለማ ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን በፋርስ ግዛት የተነሳው ማኒ፣ ሁለቱ ከጥንት ጀምሮ የሚዋጉ ኃይሎች ናቸው ብሎ አስተማረ። ኋላ የቤተክርስቲያን መምህር የሆነው አውግስጢኖስ ትምህርቱን ዘጠኝ ዓመት ያህል ተከተለና ተወው፤ ክፋት የመልካም ጉድለት እንጂ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም አለ። (ፌስቡክ ላይ ግን ማኒ ዛሬም ተከታይ አላጣም።)

ሁለተኛው የነፍስና የሥጋ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1641 ባሳተመው መጽሐፍ አእምሮ ያስባል፣ ቦታ አይዝም፤ አካል ቦታ ይይዛል፣ አያስብም አለ። በ1643 የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ ደብዳቤ ጻፈችለት። አካል የሌላት ነፍስ አካልን እንዴት ታንቀሳቅሳለች? ነው ጥያቄዋ። ኋላ ላይ መገናኛቸው አንጎል መሐል ያለች ትንሽ እጢ ናት አለ። አቦ፣ ይሄ መልስ ነው? ድልድዩ የት እንዳለ ነገረን እንጂ ሰው እንዴት እንደሚሻገርበት አልነገረንም። የኛ የድሬዳዋ ወንዝ ደቻቱም ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት ይከፍላል። ሰዉ ግን ጠዋት ማታ ይሻገራል።

ሃይማኖቶቻችንም ነፍስና ሥጋን ይለያሉ። ግን ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም ሥጋ ይነሣል ብለው ያስተምራሉ። ስለዚህ ሥጋ አውልቀው የሚጥሉት ልብስ አይደለም። አማርኛችንስ? “ሆድ ባሰኝ” ሲባል የታመመው የትኛው ነው?

አንዱ “ይሄ የመንፈስ ነው፣ ሐኪም ምን ያደርጋል?” ሌላው “ይሄ የሐኪም ነው፣ ጸሎትና ዱዓ ምን ይሠራል?” ሲላችሁ የልዕልቷን ጥያቄ ጠይቁ። የሚገናኙት የት ነው?

እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አንዲት እናት ከመጋላ “ሆዴን” ብለው መጡ። የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ተመለሱ፤ ሌላ ኪኒን ጨመርኩላቸው። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም። በሦስተኛው ወንበር ስቤ “እናቴ፣ ቤት ሰላም ነው?” አልኳቸው። ልጃቸው በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል።

“ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩኝም?” አልኩ።

እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና፣ “ነገርኩህ እኮ ልጄ” አሉኝ። “ሆዴን አላልኩህም?”