ቢጫው ጀሪካን፦ ባሕር ላይ ለመሥራት ለምታስቡ ልጆች

ባለፈው ወር ቢሾፍቱ ሄጄ ነበር። መርከበኞች በሚሠለጥኑበት ግቢ ስለ ሥራዬ እንዳወራ ተጋብዤ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት መርከብ ላይ ስለኖርኩ ወሬ አይጠፋኝም። ስለ ሲንጋፖር ወደብ፣ ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ማዕበል፣ ስለ ደመወዝም አወራሁ። ልጆቹ ሳቁ፣ ፎቶ አነሱ። መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ የባሕር ላይ ወንበዴ በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?»

«አዎ፣ አይቻለሁ» አልኳት። ቶሎ ብዬ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፍኩ።

ማታ ቤቴ ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሷና ለጓደኞቿ ነው። እንግሊዝኛ አጥኑ፣ ሰርተፍኬታችሁን በጊዜ አሳድሱ፣ ገንዘብ ቆጥቡ አልላችሁም። እሱን አስተማሪዎቻችሁ ይነግሯችኋል።

ጊዜው መጋቢት 2001 ዓ.ም. ነው። የውጭ ባንዲራ ባላት የጭነት መርከብ ላይ ቺፍ ኦፊሰር፣ ማለትም ከካፒቴኑ ቀጥሎ ያለው ኃላፊ ነበርኩ። ከጅዳ ተነስተን፣ ባብ ኤል መንደብን አልፈን ወደ ሕንድ እየሄድን ነው። ያኔ የኤደን ባሕረ ሰላጤ ስሙ ሲጠራ ሆድ ይባባል። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ፋይና የምትባል መርከብ 33 ታንኮች እንደጫነች ተጠልፋ ነበር። ቀጥሎ ሲሪየስ ስታር የተባለችው የሳዑዲ ነዳጅ ጫኝ 2 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ይዛ ተወሰደች። ያን የሚያህል መርከብ ከተጠለፈ እኛ ማን ነን?

ተዘጋጅተናል። የመርከቧን ጠርዝ ዙሪያውን በእሾሃማ ሽቦ አጥረናል። የሚወጣብን ቢመጣ በውሃ ለመግፋት የእሳት ማጥፊያ ቱቦዎቹን ወደ ውጭ አዙረን አስረናል። ቱታ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቀን፣ ቆብ አድርገንላቸው፣ ዘበኛ አስመስለን ዳር ዳር አቁመናል። የጦር መርከቦች በሚጠብቁት መስመር አንድ ቀን ተኩል በሰላም ሄድን። ከመስመሩ በወጣን በማግስቱ ነው ነገሩ የሆነው።

ተረኛው እኔ ነኝ፤ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት። ሰማዩ ገና እየቀላ ነው። ባሕሩ ጭጭ ብሏል። ከፊታችን በስተቀኝ አንዲት ነጥብ አየሁ። በመነጽር ሳያት ጀልባ ናት። ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች አሉባት። ሞተሩ ከውሃው ወጥቶ ወደ ላይ ተንጋሏል፤ አይሠራም ማለት ነው። ወንበዴ መሰላል ይይዛል፤ ጫፉ መንጠቆ ያለው ረጅም መሰላል። መሰላል ፈለግኩ፤ የለም። መሣሪያ ፈለግኩ፤ አላየሁም። ከመካከላቸው አንዱ ብድግ አለ። ቢጫ ጀሪካን ይዟል፤ ያው እኛ አገር ውሃ የምንቀዳበት ዓይነት። ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው። ከዚያ ዘቀዘቀው። ምንም አልወረደም። እንደገና አነሳ፤ እንደገና ዘቀዘቀ።

ካፒቴኑን ቀሰቀስኩት። በፒጃማ መጣ። አንድ ጊዜ በመነጽር አየና «ፍጥነት ጨምር፤ ወደ ግራ አዙር» አለ። በእሱ አልፈርድም። የ22 ሰው ነፍስ በእጁ ነው። ወንበዴዎቹ ዓሣ አጥማጅ መስለው እንደሚጠጉ ሁላችንም ተነግሮናል። አብሮኝ የሠራ አንድ ልጅ ታግቶ ሰባት ወር ከርሟል። ከተመለሰ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጥ ነበር።

መርከቧ ዞረች። የኛ ማዕበል ትንሿን ጀልባ ሲያነሳትና ሲያወርዳት በመነጽር አየሁ። ሰውዬው ተቀመጠ። ጀሪካኑን ግን አልለቀቀም።

ከዚያ መዝገቡን አወጣሁ። ሰዓቱንና ቦታውን አስገባሁ። «አጠራጣሪ ጀልባ፣ 6 ወይም 7 ሰዎች፣ ወንበዴ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ። ይህንኑ በሬዲዮ፣ በቻናል 16፣ በአካባቢው ላሉ መርከቦች ሁሉ ተናገርኩ። ከኋላችን የሚመጡ ሁለት መርከቦች ነበሩ። ሁለቱም «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» አሉና መንገዳቸውን ቀየሩ።

ካፒቴኑ ፍጥነት ጨምር አለኝ እንጂ ወንበዴ ብለህ ጻፍ አላለኝም። ያንን ቃል ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስለ ጀሪካኑ አንድም ቃል አልጻፍኩም።

አሁን ወደ አሰብ ልመልሳችሁ። በ1970ዎቹ፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ መርከባችን አሰብ ትቆም ነበር። የአሰብ ሙቀት ለብቻው ነው፤ የብረት ደረጃ በባዶ እጅ አይነካም። ጠዋት ጠዋት የአፋር ዓሣ አጥማጆች በሰንቡቅ፣ በእንጨት ጀልባቸው፣ ከመርከባችን ሥር ይመጡና ቆርቆሯቸውን ወደ ላይ አንስተው ይዘቀዝቁታል። ውሃ አልቆብናል ማለት ነው። እኛ ቱቦ እንለቅላቸዋለን። እነሱ ዓሣ በገመድ ያስሩልናል። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጥርሳቸው ሁለት ብቻ፤ ትልቁን ዓሣ ሁልጊዜ ለወጥ ቤት ሠራተኛው ነበር የሚሰጡት። የተዘቀዘቀ ዕቃ ምን ማለት እንደሆነ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ስለዚህ ያን ቀን አላወቅኩም ማለት አልችልም።

በባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 98 ላይ አንድ ነገር ተጽፏል። መርከብ፣ ራሱን ለከባድ አደጋ እስካላጋለጠ ድረስ፣ ባሕር ላይ ሊጠፋ የተቃረበን ሰው መርዳት አለበት። ቆመን ገመድ እንጣል አልልም። ግን በሬዲዮው «ችግር ላይ ያለ ጀልባ፣ ሞተሩ የቆመ፣ ውሃ የሚለምን» ብዬ ቢሆን ኖሮ የጦር መርከቦቹ ሄሊኮፕተር ሊልኩ ይችሉ ነበር። ቢያንስ ከኋላችን የመጡት በመነጽር ያዩ ነበር። አንድ ቃል ነው ልዩነቱ።

ማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሶማሌ ዓሣ አጥማጆች ይሆናሉ። የመኖች ይሆናሉ። ወይም ከሶማሊያ ወደብ ከቦሳሶ ወደ የመን ሲሻገሩ ሞተር የከዳቸው የእኛው አገር ልጆች። ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. በየመን አቢያን ጠረፍ የሰጠመችው ጀልባ ዜና ሲነገር ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ከተሳፋሪዎቿ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

የወንበዴውን ነገር ደግሞ ከሥሩ እዩት። የሶማሊያ ጠረፍ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥር 1983 ዓ.ም. የሲያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ባሕር ኃይሉም ጠረፍ ጠባቂውም አብሮ ጠፋ። በሕጉ መሠረት ከጠረፍ እስከ 200 ናውቲካል ማይል፣ ማለትም እስከ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያለው ዓሣ የባለ ጠረፉ አገር ነው። ዘበኛ የሌለው ሀብት ግን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከአውሮፓም ከእስያም ትልልቅ ዓሣ አስጋሪ መርከቦች ገቡ። ቱናውን፣ ሻርኩን፣ ሎብስተሩን ጠራርገው ወሰዱ። በ1990ዎቹ በዚያ ስናልፍ ማታ ማታ መብራታቸው ከተማ ይመስል ነበር። የአገሬው አጥማጅ መረቡ ተበጥሶ ባዶ እጁን ይመለሳል። መጀመሪያ «ጠረፍ ጠባቂ ነን» ብለው መርከብ እየያዙ ቅጣት ያስከፍሉ ጀመር። ቆይቶ ባለሀብትና የጦር አበጋዝ ገባበትና ሰው እያገቱ በሚሊዮን ዶላር የሚደራደሩበት ንግድ ሆነ። ጀግኖች ነበሩ የሚል ካለ አልስማማም። ሰባት ወር የታገተውን ልጅ አውቀዋለሁ።

በታኅሣሥ 2008 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ባሕር ኃይል መጣ። በዚያው ወር ቻይና መርከቦቿን ላከች። ሕንድ፣ ሩሲያ፣ ጃፓን፣ ሌሎችም መጡ። የዓለም ምግብ ፕሮግራምን እህል የጫኑ መርከቦች አጅበዋል፤ ይህ ይመሰገናል። ግን ዋናው ጥበቃ ለጭነቱ ነበር። ዓሣውን ለዚያ ለባለ መረቡ ሰውዬ ብሎ የመጣ አንድም የጦር መርከብ አላውቅም። ዛሬ ጅቡቲን እዩ። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ ቻይና፣ ሁሉም በአንዲት ትንሽ አገር ጦር ሰፈር አላቸው። የእኛ ስንዴ፣ ነዳጅና ማዳበሪያ ደግሞ በዚያው በር ነው የሚገባው።

እናንተ ልጆች ስለ ባሕር በር ስታወሩ እሰማለሁ። ቲክቶክ ላይ ቀይ ባሕርን በባንዲራ ቀለም የቀባ ካርታ ታጋራላችሁ። ደማችሁ ይፈላል። ግን ከመካከላችሁ የባሕር ሕጉን አንድ ገጽ ያነበበ ስንት ነው? ወደብ የሌለው አገር ባንዲራውን አውለብልቦ ባሕር ላይ የመሄድ መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 69 ደግሞ በአካባቢው አገሮች ከሚተርፈው ዓሣ በስምምነት ሊካፈል እንደሚችል ስንቱ ያውቃል? ኤርትራና የመን በ1995 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሃኒሽ ደሴቶች ተታኮሱ። ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ። በ1998 እ.ኤ.አ. ዳኞቹ ትልልቆቹን ደሴቶች ለየመን ሲሰጡ አንድ ነገር ጨመሩ፤ የሁለቱም አገር ዓሣ አጥማጆች እንደ አባቶቻቸው በዚያ ባሕር ማጥመዳቸው ይቀጥል አሉ። ሁለት ጥርስ የነበራቸው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

ደግሞ እውነቱን ልናገር። አሰብ ሲነሳ የእኔም ደም ይፈላል። ከ1990ው ጦርነት በኋላ አሰብን አላየኋትም። ጠባቂ የሌለው ባሕር ምን እንደሚሆን ሶማሊያ ላይ አይቻለሁና ባሕር ኃይል አያስፈልግም አልልም። በዚህ ነገር ሐሳቤ ሙሉ በሙሉ አልጠራም።

ስልካችሁን ስወቅስ ብቆይም መርከቦችን ካርታ ላይ የሚያሳየውን ማሪን ትራፊክ ያስተማረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ማታ ማታ እከፍተዋለሁ። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች መርከብ መምታት ከጀመሩ በኋላ፣ ባብ ኤል መንደብ ላይ መርከቦቹ ሲሳሱ ተመልክቻለሁ። ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ፤ ከ10 ቀን በላይ የሚጨምር መንገድ ነው። እነሱ በጠለፏት ጋላክሲ ሊደር በተባለችው መርከብ ላይ የነበሩ 25 መርከበኞች ከአንድ ዓመት በላይ ታግተዋል። በመቷት ትሩ ኮንፊደንስ በተባለችው መርከብ ላይ ሦስት ሞተዋል። እናንተ የምትገቡበት ባሕር ይህ ነው። ትፈራላችሁ። ፍርሃት ደግሞ ዓይን ይጋርዳል፤ መነጽር ይዛችሁም ቢሆን።

ተረኛ ስትሆኑ መጀመሪያ ያያችሁትን ጻፉ። የጀልባውን ቀለም፣ የሰዉን ቁጥር፣ ሞተሩ መሥራት አለመሥራቱን፣ በእጃቸው የያዙትን። «ወንበዴ» የሚለው ቃል ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አለቃችሁ ያላዘዛችሁን ቃል እኔ እንዳደረግኩት ከራሳችሁ አትጨምሩ።

ከኋላ ወንበር የነበርሽው ልጄ፣ ያን ቀን «አዎ፣ አይቻለሁ» ያልኩሽን ሰርዢው። አላየሁም። ያየሁት ውሃ የጠማው ሰው ነው። የዚያን ጠዋት ሰዓትና ቦታ በግል ማስታወሻ ደብተሬ ገልብጬዋለሁ። በሚቀጥለው ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ።