ለወጣት የእንስሳት ሐኪሞች፦ መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ከቢሾፍቱ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ፣ ከሐዋሳ እየተመረቃችሁ ወደየወረዳው የምትወጡ ወጣቶች በዝታችኋል። አንዳንዶቻችሁ መንግሥት ቤት ትገባላችሁ፤ ሌሎቻችሁ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ትከፍታላችሁ። የትም ግቡ የት፣ አንቲባዮቲክ ከእጃችሁ አይጠፋም። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ትቼ ስለ እሱ ብቻ ልጻፍላችሁ።

ሰው ላሙን ነድቶ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ «ዶክተር፣ መርፌ ይውጉልኝ» ነው። «ምን እንደነካት ይመርምሩልኝ» የሚለው ጥቂት ነው። ሳትወጉ ከሸኛችሁት ማታ ጠላ ቤት ስማችሁ ይነሳል። «ያ አዲሱ ልጅ ምንም አያውቅም» ትባላላችሁ። በግል ለሚሠራው ደግሞ ይብሳል፤ ብልቃጡ ካልተሸጠ የሱቁ ኪራይ ከየት ይመጣል? ይህ ጠፍቶኝ አይደለም የምመክራችሁ። ግን መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። እዚህች ላም ላይ ያለው ባክቴሪያ ነው ወይ? ካልሆነ አንቲባዮቲክ እዚያ ምንም ሥራ የለውም።

አፍማዝን ውሰዱ። ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ የሚያነክስ በሬ ይመጣል። ቫይረስ ነው። ኦክሲ፣ ማለትም ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ፣ ብትወጉት ቫይረሱ ከነመኖሩም አያውቀውም። የቆዳ ጉርብርብም ቫይረስ ነው፤ የዶሮ ፈንግልም እንደዚያው። ገንዲ ደግሞ ደም ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ነው፤ የራሱ መድኃኒት አለው። እርግጥ የአፍማዙ ቁስል ሰኮናው መሃል መግል ከያዘ ባክቴሪያ ገብቷል ማለት ነው፤ ያኔ መርፌው ቦታ አለው። እስከዚያ አፉን በጨው ውሃ እጠቡለት፤ ለስላሳ መኖ ይቅረብለት፤ ጥላ ሥር ይቁም። ባለቤቱ እጃችሁ ሲሠራ ካየ ቅር አይለውም። ቴርሞሜትር ማውጣት ብቻውን እንኳ ሰውን ያረጋጋል። ለክታችሁ ቁጥሩን አሳዩት። የጤነኛ ላም ሙቀት 38.5 አካባቢ መሆኑን ንገሩት። በሌላ ቀን ሲመጣ «ሙቀቷ ስንት ሆነ?» ብሎ ራሱ ይጠይቃችኋል።

መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ካልገባችሁ ምርጫችሁ ሁሉ ግምት ይሆናል። ትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድዳችሁት ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ግን አሁን ነው፣ ላሟ ፊት ስትቆሙ። ፔኒሲሊን ባክቴሪያው ዙሪያውን የሚሠራውን ግድግዳ ያበላሽበታል። ባክቴሪያው ሲያድግ ግድግዳው አልያያዝ ይላል፤ ውሃ ይገባበታል፤ ይፈነዳል። የላሟ ሴል እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው እሷን አይነካትም።

ከዚህች አንዲት ነገር ብዙ ይወጣል። ተላላፊውን የከብትና የፍየል ሳንባ በሽታ የሚያመጣው ማይኮፕላዝማ የተባለ ባክቴሪያ ግድግዳ የሚባል ነገር የለውም። የምታስል ፍየል ሁሉ ላይ ፔንስትሬፕ (ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀለበት) የሚወጋ ሰው፣ በሽታው ያ ከሆነ፣ ፔኒሲሊኑ የሚመታው ነገር የለም። ኦክሲ ወይም ታይሎሲን ይሻላል።

ኦክሲቴትራሳይክሊን ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ይይዝበታል። አይገድለውም፤ እንዳይራባ ያቆመዋል እንጂ። ጨርሶ የሚጠርገው የእንስሳው የራሱ መከላከያ ነው። ስለዚህ ድርቅ ያከሳው፣ ትል የበላው ከብት ላይ ኦክሲ ብቻ ወግታችሁ ተአምር አትጠብቁ። መኖውንም ጠይቁ።

ሁለቱን ባንድ ላይ የሚሰጡ አሉ። «ድርብ ይሁን ብዬ ነው» ይላሉ። ባንድ ስሪንጅ ቀላቅሎ የሚወጋም አይቻለሁ። አስቡት እንግዲህ፤ ፔኒሲሊን የሚገድለው በማደግ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ነው። ኦክሲ ደግሞ ማደጉን ያስቆመዋል። አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ ነው የሚውለው። ገንዘቡ ግን የሁለቱም ይከፈላል።

አዲስና ውድ መድኃኒት ሁሉ ይበልጣል ብላችሁም አትሳቱ። አባ ጎርባ የያዘው ጡንቻ ውስጥ አየር የለም። ጀንታማይሲን ባክቴሪያው ውስጥ ለመግባት ኦክስጅን ይፈልጋል፤ እዚያ ዋጋ የለውም። ቶሎ ከተደረሰ የሚሻለው ርካሹ ፔኒሲሊን ነው። አባ ሰንጋም ቢሆን በፔኒሲሊን ይታከማል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የምንደርሰው ከብቱ ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። (የሞተውን እንዳትከፍቱ። ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዘር፣ ይሠራል፤ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል። ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም ልድገመው።)

አሁን ወደ ዋናው ሕመማችን ልምጣ፤ ወደ መጠን። በየገጠሩ የላም መጠን «አሥር ሲሲ» ነው። የጥጃ አምስት ሲሲ። ማን እንደደነገገው አይታወቅም። እስቲ አብረን እናስላ። ኦክሲ 10 ፐርሰንት በአንድ ሲሲ 100 ሚሊግራም አለው። የሚሰጠው በኪሎ 10 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሲሲ። 250 ኪሎ የምትመዝን ያገር ላም 25 ሲሲ ትፈልጋለች። 400 ኪሎ የምትሆን ዲቃላ ደግሞ 40 ሲሲ። አሥር የሰጣት ሰው ሩቡን ሰጣት ማለት ነው። ከዚያ «መድኃኒቱ ድሮ ቀረ» ይባላል።

ባለ 20 ፐርሰንቱ ላይ ስህተቱ ይብሳል። በአንድ ሲሲ 200 ሚሊግራም አለው፤ ስለዚህ «ጠንካራ ነው፣ ግማሹ ይበቃል» ይባላል። አይበቃም። እሱ የሚሰጠው በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። አሁንም ለ10 ኪሎ 1 ሲሲ። ብዛቱ የተጨመረው ሦስት ቀን ያህል ሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ነው። ባለ 10ሩ በየቀኑ ይደገማል፤ ባለ 20ው ካስፈለገ ከሦስት ቀን በኋላ። ባለ 10ሩን አንዴ ወግቶ መሄድ፣ ባለ 20ውን ደግሞ በየቀኑ መደጋገም በየቦታው የማየው ነው። ብልቃጡ ላይ ተጽፏል እኮ! የፊደሉ ማነስ ሰበብ አይሆንም፤ ስልካችሁ ፎቶ አንስቶ ያጎላዋል።

አርባ ሲሲ አንድ ቦታ አይወጋም። በአንድ ቦታ ከ10 ሲሲ አትለፉ፤ አንገቷ ላይ ግራና ቀኝ አካፍሉት። ክብደቱንም በዓይን አትገምቱ። ቴፕ ሜትር ግዙ። ከፊት እግሯ ኋላ የደረቷን ዙሪያ ለክታችሁ ከሠንጠረዡ ክብደቷን አንብቡ። የዓይን ግምት አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘነብለው ወደ ማሳነስ ነው፤ ምክንያቱም የመድኃኒቱ ዋጋ አብሮ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ዋጋውን ካነሳን አይቀር፣ ሰውየው የአንድ ብልቃጥ ገንዘብ ይዞ ሦስት የታመሙ ላሞች ይዞ ቢመጣስ? የተለመደው ለሦስቱ ማካፈል ነው። እኔ አልስማማም። የሦስቱንም ሙቀት ለኩ። ምናልባት አንዷ ምንም አያስፈልጋትም። ከዚያ የባሰባትን ሙሉ አክሟት። ለቀሪዋ ርካሽ አማራጭ ካለ ፈልጉ። ሦስቱን በሲሶ መጠን ማከም ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ማስተዋወቅ ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያሳሰበው ይህንኑ ነበር። ሊገድላቸው የማይበቃ መጠን ከተሰጣቸው፣ ጀርሞቹ መድኃኒቱን መቋቋም እንደሚለምዱ ቤተ ሙከራ ውስጥ አይቶታል። መድኃኒቱ ገና ጨቅላ በነበረበት ጊዜ ነው ይህን ያለው።

የጀመራችሁትንም ጨርሱ። በሁለተኛው ቀን ላሟ ሣር መጋጥ ትጀምራለች፤ ባለቤቱም «ተሻላት፣ ይቅር» ይላል። የቀረውን መርፌ ካሁኑ ቀጠሮ ያዙለት፤ የሚቻል ከሆነ ክፍያውንም መጀመሪያ ላይ ባንድ ተቀበሉ። የከፈለበትን ሳይወስድ የሚቀር ሰው የለም።

ወተትና ሥጋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ዝምታችን ስለበዛ ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ አንዲት ወተት ሻጭ እናት እርጎው አልረጋ ብሏቸው ተቸግረው ነበር። ወተቱ ለቀናት ተቀምጦ እንደ ውሃ ይሆናል። የጎረቤት ዓይን ነው ብለው ነበር። ላሟ ግን ጡቷ ታሞ ተወግታለች። ወግቷት የሄደው ባለሙያ ስለ ወተቱ አንድ ቃል አልተናገረም። እርጎን የሚያረጋውም ባክቴሪያ ነው፤ ወተቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት እሱንም ይይዘዋል። ያን ወተት ሕፃን ሲጠጣው፣ ወይ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ሲጠጣው አስቡት። አፍልቶ መጠጣት መድኃኒቱን አያጠፋውም።

ስለዚህ ስትወጉ ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይሸጥ ከብልቃጡ አንብባችሁ በግልጽ ተናገሩ። ለጥጃም አይሰጥ፤ የጥጃዋ ሆድ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይማሩበታል። ይደፋ። ይህን መናገር ይከብዳል። ወተቱ የቤቱ የቀን ገቢ ነው። አንዳንዴ ለዚህ ስትሉ ወተት ላይ ቶሎ የሚለቀውን መድኃኒት መምረጥ ትችላላችሁ።

ሥጋም እንዲሁ። ከፋሲካ በፊት ሰንጋ ታሞ ሲመጣባችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «መቼ ነው የሚሸጠው?» ይሁን። ብዙዎቹ ባለ 20 ፐርሰንት ኦክሲዎች ላይ ለሥጋ የተጻፈው መቆያ 28 ቀን ነው። «ሳትሞት ትታረድ» የሚባለው ነገርም አለ፤ ጠዋት ተወግታ ከሰዓት የምትታረድ ላም። ሥጋ መደብ ላይ ቆማችሁ ከምትከራከሩ፣ ሳትወጉ በፊት ተነጋገሩ።

ዶሮ እርባታ ስትሄዱ ደግሞ የመጠጫው ውሃ ቢጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የኦክሲ ዱቄት ነው። «ምን ታመሙ?» ስትሉ «ኧረ ምንም፣ ለመከላከያ ነው» ይላሉ። ሌላው ዓለምም በዚህ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ጥቂት አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ ሲገባ ጫጩት ቶሎ እንደሚያድግ ታየ፤ ዓለም ተንጋጋ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986፣ መላው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ለማሳደጊያ መጠቀምን ከለከሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ቻይና ውስጥ፣ አሳማዎች ላይ፣ ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ ጂን ተገኘ። ኮሊስቲን የሰው ሐኪሞች ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ የሚያወጡት መድኃኒት ነው። ጂኑ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው የሚዘል ዓይነት ነው። ዶሮ አርቢው ይህን ሁሉ መስማት ላይፈልግ ይችላል። ክትባቱን በጊዜው አስከትቡት፤ የቤቱን ጉዝጓዝ አስቀይሩት። ለዱቄቱ የሚያወጣውን ገንዘብ ሲያስበው ይገባዋል።

መድኃኒቱ በሦስተኛው ቀን ለውጥ ካላመጣ ሌላ ብልቃጥ አትክፈቱ። ቆም በሉ። መጠኑ ልክ ነበር? ብልቃጡ ፀሐይ ላይ የከረመ፣ የጠቆረ ኦክሲ ነበር? በሽታው ባክቴሪያ ነው? ውስጥ የቋጠረ መግል ካለ ተከፍቶ ካልፈሰሰ በቀር መርፌ ብቻውን አያደርቀውም። የጡት በሽታ ከሆነ ደግሞ ናሙና ውሰዱ፤ የሚሻለው እንዲያውም የመጀመሪያው መርፌ ሳይወጋ በፊት ነው። የጡቷን ጫፍ በአልኮል ጥረጉ፤ መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ወተት ድፉ፤ ከዚያ ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ ጥቂት ወተት ያዙ። ብልቃጡ ላይ የላሟን መለያ፣ የትኛው ጡት እንደሆነና ቀኑን ጻፉ። በረዶ ባለበት ሳጥን አድርጋችሁ ወደ ሰበታ፣ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ አሰላ፣ በደሌ ወይም ሶዶ፣ የሚቀርባችሁ ላቦራቶሪ ላኩት። ውጤቱ ለዚያች ላም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ግን በዚያ ቀበሌ የሚቀጥለውን የጡት በሽታ በየትኛው መድኃኒት እንደምትጀምሩ ታውቃላችሁ።

ሰላም ሁኑልኝ።